ጥርሷን ነው ያየሁላት

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር ኖሬያለሁ፤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ቅዳሴ ማርፈዱን። ይቺን አንዲቷን ግን ዋጥ አድርጌ፣ «ይፍቱኝ» ብዬ፣ እንደተፈታ ሰው ቀና ብዬ እወጣለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ዛሬ እናንተን፣ የማታውቁኝን፣ በእሳቸው ቦታ አስቀምጬ ልናገር ነው። የደፈርኩት ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል። ፈሪ መሆኔን ከመጀመሪያው እወቁልኝ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እሠራለሁ። እንጀራዬ የሰው አፍ ማየት ነው። አፍ ባለቤቱ የደበቀውን ያወጣል፤ «ሲጋራ በዞረበት አልዞርም» የሚለኝን ጎልማሳ ጥርሱ ያጋልጠዋል፣ «ሰላም ነኝ» የምትለኝን ሴት በእንቅልፏ ስታፋጨው ያደረችው መንጋጋዋ ያሳብቅባታል። እኔም በዚህ ዕውቀቴ ትንሽ እኮራ ነበር። የሌላውን አፍ ከፍቶ ማየት የሚወድ ሰው የራሱን ዘግቶ እንደሚይዝ ያወቅሁት ኋላ ነው።

የበደልኳት ሴት እናኑ ትባላለች። የወንድሜ ሚስት ናት። ወንድሜ ጌትነት የእኔ ታላቅ ነበር፤ አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ያለውን መሬት ይዞ ድንችና ገብስ እያመረተ እኔን አስተማረ። እናኑን ያገባት ከቁይ ነው። ሳቂታ፣ ሥራ የማይከብዳት፣ ድምፀ መልካም ሴት ነበረች። መቅደስ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። እናቴ ምራቷን አልጠላቻትም፤ ግን «የቁይ ሰው» ስትል ድምፅዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ እሾህ ትሰማ ነበር።

አንድ ቀን እናኑ ጥርሴን አመመኝ ብላ ክሊኒክ መጣች። የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዛለች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሁለት ቃል ስትናገር ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ ሲላቀቅ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ መረመርኳት። የከንፈሯ ዳርና ዳር ተሰነጣጥቋል። ምላሷ ቀልቶ፣ በበጋ እንደተሰነጠቀ ዋልካ መሬት መስመር መስመር አውጥቷል። ትንሿን መስታወት ጉንጯ ውስጥ ሳስጠጋት ተጣበቀች፤ በጤነኛ አፍ ውስጥ ትንሸራተት ነበር። ከጆሮዋ ፊት ያለውን እጢ በጣቴ ጫን ጫን እያደረግሁ ምራቅ የሚወጣባትን ቀዳዳ ተመለከትኩ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጥርሶቿ ከድድ በሚገናኙበት አንገታቸው ዙሪያውን ተበልተዋል።

«ቆሎ ያለ ውሃ ትበያለሽ?» አልኳት።

ሳቀች። «ቆሎስ ይቅር፣ ዳቦም ያለ ውሃ አይወርድልኝ። እናትሽ በጾም ቀን ውሃ ስጎነጭ አይታኝ ምን እንዳለችኝ ብነግርሽ።»

የምትወስደው መድኃኒት እንደሌለ ጠየቅሁ፤ የለም። ስኳሯን አስለካሁ፤ ደህና ነው። ያስተማረን ሐኪም አንድ የማይተዋት አባባል ነበረችው፤ «አፉ የደረቀ ሰው ስታገኙ ዓይኑን ሳትጠይቁ አትሸኙት» ይለን ነበር። ጠየቅኋት። ዓይኗ አሸዋ እንደገባበት እንደሚቆረቁራት፣ ጠዋት ጠዋት ለመግለጥ እንደሚያስቸግራት ነገረችኝ። የጣቶቿ መገጣጠሚያም ያማታል። ከዚያ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ «ጎረቤቶቼ ሽንኩርት ስንከትፍ እንባቸው ይወርዳል፣ እኔ እቴ ምንም! አልቅሺ ብትዪኝም ከየት አመጣዋለሁ?» አለችኝ።

ልብ በሉ። ይህን ነገረችኝ። በዚህ ጆሮዬ ሰማሁት።

የሰውነት መከላከያ አንዳንዴ ተሳስቶ ምራቅና እንባ የሚያመነጩትን የገዛ እጢዎቹን ያጠቃል። ያ ሳይሆን እንዳልቀረ አስረዳኋት። ባሕር ዳር ወስጄ ስፔሻሊስት ላሳይሽ አልኳት። እጄን ያዘችና «ለእማማ እንዳትነግሪብኝ፤ ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው ይሉና ያስጨርሱኛል» አለችኝ። ማልኩላት። ባሕር ዳር ግን ከዛሬ ነገ ስል አልወሰድኳትም። ይህም በደል ነው፤ ከሚከተለው ጋር ሲተያይ ግን ትንሽ ነው።

ወንድሜ ሞተ። እንዴት እንደሞተ ለጊዜው ልለፈው፤ እመለስበታለሁ፣ ልሸሸው አይደለም። ሬሳው ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ አገር ቤት ሲገባ እናኑ ደጃፍ ላይ ተቀበለችው። ደረቷን ደቃች፣ ፊቷን ነጨች፣ መሬት ላይ ወደቀች። ድምፅዋ ግን ደረቅ ነበር፤ ጥቂት እንዳለቀሰች ጉሮሮዋ እየተጣበቀ ይዘጋባታል፣ ውሃ ትጠይቃለች፣ ትጎነጫለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ዓይኗ ደም መስሏል። እንባ የለውም። በእኛ አገር ለቅሶ ሰው የሚመዘንበት ቦታ ነው። ማን እንዴት አለቀሰ የሚለው ከተዝካሩ ድግስ በላይ ይወራል። በባሏ ሬሳ ላይ ቆማ ከጠርሙስ ውሃ የምትጠጣ፣ ጉንጯ ያልረጠበ ሴት ምን እንደምትባል ልነግራችሁ አያስፈልግም። ሙሾ አውራጇ እንኳ አላለፈቻትም፤

ሰማዩ ደመነ፣ መሬቱ አልራሰ፣
ያልወደደ ዓይን መች እንባ አፈሰሰ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሁሉም ዞር ብሎ እናኑን አየ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ትከሻችን ይነካካል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያ ዓይን ለምን እንደደረቀ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር፤ «ታማ ነው» ብል ይበቃ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። እንባዬ እስከ አንገቴ ወረደ። «እህት ማለት እንዲህ ናት» አሉኝ። ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። በወንድሜ ቀብር ላይ ደስ አለኝ።

ከተዝካሩ በኋላ የቅርብ ቤተሰብ ቤት ውስጥ ተሰበሰበ። የአባቴ ወንድም አያ ደምሴ መሃል ተቀመጡ። እናቴ ነገሯን ጀመረች። ልጇ በሰው እጅ እንደሞተ ሁሉ አድርጋ ተናገረች። «እንባ ያልሰጠችው ሴት ልጁን አታሳድግለትም። ልቧ ድንጋይ ነው። የልጄን ዘር ለድንጋይ አልሰጥም» አለች። መቅደስ ገና ትንሽ ነበረች፤ በእናቷ ጉልበት ላይ ተኝታለች። እናኑ እስከዚያች ሰዓት አንድም ቃል ለራሷ አልተናገረችም ነበር። ልጇ ስትነሳባት ግን ቀና አለች።

«እንባዬን በሽታ ነው የወሰደው» አለች። «እሷ መርምራኛለች። ታውቃለች። ጠይቋት።» በእጇ ወደ እኔ አመለከተች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አያ ደምሴ ጎምበስ ብለው፣ «እስቲ አንቺ የተማርሽው፤ የሰው እንባ በበሽታ ይደርቃል እንዴ? አይተሽላታል?» አሉኝ። እሳቸው እንኳ «አዎ» እንድል ፈልገው ነበር የጠየቁት፤ ከድምፃቸው ታወቀኝ። ነገሩ እንዲበርድ የሚሹ ሽማግሌ ነበሩ። በሩን ከፍተውልኝ ነበር።

እኔም «ጥርሷን ነው ያየሁላት» አልኩ።

ይኼው ነው። ይኼው ነው ያልኩት። አልተሳደብኩም፣ አልመሰከርኩባትም፣ ሐሰት እንኳ አልተናገርኩም ብዬ ራሴን ስደልል ኖሬያለሁ፤ ጥርሷንማ አይቻለሁ። መስታወቷ ጉንጯ ላይ የተጣበቀችበት ያው እጄ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ነበር። እናኑ አየችኝ። የምጠብቀው ቁጣ ነበር፤ የሚረግመኝ ዓይን ነበር። እሷ ግን እስከዚያ ያልገባት ነገር አሁን የገባት ይመስል ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም። በማግስቱ ልጇን ተኝታ ሳለች ስማ፣ ለእናቴ ትታት፣ ብቻዋን ወደ ቁይ ሄደች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የእኔዋ ቃል አፋፍ ላይ አልቆመችም፤ አገር ለአገር ዞረች። «የገዛ ባሏ እህት፣ ሐኪሟ፣ የለባትም ብላለች» ተባለ። እኔ «የለባትም» አላልኩም። ግን ይህን ማን ለየው? እኔስ አስተባበልኩ? ለቅሶ በተቀመጥኩበት፣ ገበያ በወጣሁበት፣ ሰው ነገሩን ሲያነሳብኝ ከንፈሬን መጥጬ ዝም እል ነበር። ዝምታዬን እንደ ጨዋነት ቆጠሩልኝ።

ለምን? ይህን ጥያቄ ከእናንተ በፊት እኔ ራሴን ብዙ ጠይቄያለሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ ምስጢር ነው፤ «ለማንም አልናገርም ብዬ ምያለሁ» አልኩ። እንዴት ያለ ቆንጆ መልስ! ግን የምስጢሩ ባለቤት ራሷ በሰው ፊት «ጠይቋት» አላለችም? ሁለተኛው መልሴ እናቴ ናት፤ ልጇን የቀበረች እናት ፊት መቆም ፈራሁ አልኩ። ይህ ግማሽ እውነት አለው። ሦስተኛውን ግን ብዙ ዘመን አልነካሁትም ነበር። አሁን ልንካው።

ወንድሜ ከመሞቱ በፊት ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ሆዱን እንደሚያመው፣ ሕመሙ እምብርቱ አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ ጎኑ እንደወረደ፣ ምግብ እንደዘጋው ነገረኝ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ወንበሩ ላይ ሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። «ጨጓራህ ነው፤ በርበሬውን ተው፤ ክኒኑን ገዝተህ ዋጥ» አልኩት። «ልምጣ እንዴ?» ብሎኝ ነበር። «ለጨጓራ ይህን ሁሉ መንገድ?» አልኩት። ታናሹ ብሆንም በጤና ጉዳይ እንደ ታላቅ ነበር የሚሰማኝ። ሲመጣ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ፣ መርዙ ሆዱን ሞልቶት ነበር የመጣው። ሐኪሞቹ ያላቸውን ሁሉ አደረጉ።

ማንም አላወቀም። ማለቴ፣ ማንም ያላወቀ መስሎኝ ነበር። «ለምን ዘገየ?» የሚል ጥያቄ በለቅሶው ቤት ውስጥ ሲንሳፈፍ እሰማ ነበር፤ አንድ ቀን እኔ ትከሻ ላይ ማረፉ አይቀርም ብዬ እጠብቅ ነበር። እና ሰዉ ሁሉ የእናኑን ደረቅ ጉንጭ ማየት ሲጀምር ጥያቄው ተረሳ። አያችሁ? ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ሲሆን እኔን የሚያይ አልነበረም። እኔ እናኑን የሸጥኳት ለዚህ ነው። ሐዘን አላሳሳተኝም። እናቴ አላስፈራራችኝም። ያንን ቃል ስናገር ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው የስልኩ ጥሪ ነው።

ዓመታት አለፉ። እናቴ ምራቷን እንደጠላች ሞተች። እናኑ ለቅሶዋን ልትደርስ ከቁይ መጣች፤ ልጇን ለወሰደችባት ሴት ደረቷን ደቃች፣ ሰዉ እንደገና ጉንጯን አየ፣ እኔ እንደገና ዝም አልኩ። ያኛውን ጊዜ ስልኩ ነው ብል፣ ሁለተኛውንስ ምን ልለው ነው? መቅደስ ለትምህርቷ ደብረ ማርቆስ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረች። እናቷ አልፎ አልፎ ልትጠይቃት ትመጣለች፤ ልጅቱ እጅ ትነሳለች፣ ውሃ ታቀርባለች፣ እንደ እንግዳ ታስተናግዳታለች። አንድ ቀን ፀጉሯን ስሠራት፣ ለምን ለበዓል ቁይ እንደማትሄድ ጠየቅኋት። «ለአባቴ እንባ የነፈገችው ሴት ጋ ሄጄ ምን ልሁን? እናቴ አንቺ ነሽ» አለችኝ። እኔም ሹሩባውን ጨረስኩላት።

ክሊኒክ ውስጥ ሰላም የለኝም። አፉ የደረቀ ሰው ሲመጣ ገና ሰላምታ ሲሰጠኝ አውቀዋለሁ፤ ያ የምላስ ድምፅ ይቀድመዋል። ስለ እንባው የምጠይቀው ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ይበዛል፤ ቤተሰቡን አስጠርቼ በሽታውን አስረዳለሁ፣ «እንባ ባይወጣው እንዳትቀየሙት» እላለሁ፤ ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ያዩኛል። የሥራ ባልደረቦቼ እንዲህ ያለች ጠንቃቃ ባለሙያ አላየንም ይላሉ። እኔ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማንም ይሁን ማን፣ አፉን ሲከፍት «ጠይቋት» የሚል የሴት ድምፅ የሚወጣ ይመስለኛል። አንዳንዴ ሰውየውን «አቤት?» እለዋለሁ። «ምንም አላልኩም» ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቁይ ሄድኩ። እናኑን ገበያ ውስጥ ጨውና ሚጥሚጣ ስትሸጥ አገኘኋት። የፊት ጥርሶቿ የሉም። ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ፤ መቀመጫ አነጠፈችልኝ፤ ለእኔ ጠላ፣ ለራሷ ውሃ ቀዳች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «የልጄን አፍ ታዪላታለሽ? እንደኔ እንዳይሆንባት» የሚል ነበር። በየጊዜው እንደማያት፣ ደህና እንደሆነች ነገርኳት። «ተመስገን» አለች። እኔም የመጣሁበትን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ «እናኑ፣ ያን ጊዜ አያ ደምሴ ሲጠይቁኝ» ስል እጇን አነሳች።

«ተይው» አለችኝ። «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ፤ እኔ የማላውቀው ምን አለና? የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው ያነጋገረሽ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ጀርባውን እያሸሁት ነበር። ጨጓራ ነው ስትዪው ሰምቻለሁ። አትምጣ ስትዪው ሰምቻለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። ይህን መጠየቄ ራሱ እንዴት ያሳፍራል።

«ለማን? እናትሽ ወንድ ልጇን በቀበረች በአርባ ቀኑ ሴት ልጇንም ልቅበርባት? እሱስ አጥንቱ ይወደው ነበር? ላንቺ ሲል ስንት ዘመን ባዶ እግሩን ያረሰ ሰው።» ውሃዋን ተጎነጨች። «ያን ቀን ሲጠይቁሽ ዓይንሽን አየሁት። ምን እንደፈራሽ ገባኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ። እኔን ይቅር በዪኝ ልትዪኝ ከሆነ የመጣሽው፣ ይቅር ብዬሻለሁ፤ አልከብድሽም። ልጄን ግን ወስደሽብኛል። ለእሷ ንገሪያት። ከእኔ ከሰማችው ሰበብ ይመስላታል፤ ካንቺ ስትሰማው ታምናለች። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እነግራታለሁ አልኳት። በእናቴ አጥንት ምዬ ወጣሁ።

አልነገርኳትም። ከቁይ የተመለስኩ ዕለት «የት ሄደሽ ነበር?» ብላኝ «ለሥራ» አልኳት። እሑድ እነግራታለሁ እላለሁ፤ እሑድ ደስ ብሏት ትነሳለች፣ ፈተና ደረሰ እላለሁ፣ ፈተናው ያልቃል፣ ደክሟታል እላለሁ። የእናቷን ነገር ብቻ ቆርጬ ልንገራት ብዬም አስቤ ነበር፤ «እንባዋ በበሽታ ነው የደረቀ፣ ረስቼው ነው» ብዬ። ግን ብልህ ልጅ ናት። «ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?» ትለኛለች። ለዚያ ያለኝ መልስ አባቷ ነው። አባቷን የነጠቅኋት እኔ፣ እናቷን የነጠቅኋት እኔ፣ «እናቴ» የምትለኝ እኔ።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም። እናንተ የምትፈቱት እስራት አይደለም። ይህን ጽሑፍ እንኳ ሳስበው ሌላ ሽሽት ነው፤ ለአንዲት ልጅ መንገር ያቃተኝን ለማላውቃችሁ ለብዙዎች ማውራቴ ነው። በእናንተ ፊት መናዘዜ በእሷ ፊት ያለውን ዕዳዬን አንዲት ጠጠር ያህል አያቀለውም።

አሁን እሑድ ነው። መቅደስ ምሳ እያቀረበች ነው፤ «አክስቴ፣ ይበርዳል ኮ» እያለች ሁለቴ ጠራችኝ። ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ፤ እኔ እንባ ከድሮም አያጥረኝም። አሁን ስወጣ የቀላ ዓይኔን ታያለች። ለአባቷ ያለቀስኩ መስሏት መጥታ ታቅፈኛለች። እኔም እንደ ወትሮው እታቀፋለሁ።